ሥፍራንና ጥንታዊ ሕንጻን በሥዕል ስለሚገልጹ መጻሕፍት

ሥዕል ያለበትን መጽሐፍ ብዙ ሰው የሚገልጠው ለዐይኑ ደስታ ነው። ከመጻሕፍት ወገን ግን አንድ አለ፤ ይኸውም የአንድን አውራጃ ተራራና ወንዝ፥ ከተማና ገዳም፥ መቃብርና ሐውልት በጽሑፍ እየገለጸ ያንኑ ደግሞ በሥዕል የሚያሳይ ነው። ይህን የመሰለው መጽሐፍ ለጊዜው የመኳንንት ጌጥ መስሎ ይታይ እንጂ፥ የሣለው ሕንጻ በፈረሰ ጊዜ ምስክር ሆኖ ይቆማል። ስለዚህ በዛሬው ትምህርታችን የዚህን ዐይነት መጻሕፍት ታሪክ ከእንግሊዝ አገር ጀምረን እስከ አክሱም ድረስ እንከተላለን። የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቻችን ልብ ይበሉ።

የእንግሊዝ ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ከሮማው ፓፓ ጋር ከተለያየ በኋላ፥ ከ1536 እስከ 1540 ዓ.ም. ባለው ጊዜ በግዛቱ የነበሩትን ገዳማት ሁሉ ዘጋ። ቍጥራቸው ከ800 በላይ ነበር። የጣራቸው እርሳስ ቀለጠ፤ ድንጋያቸው ለባለ ርስቶች ቤት መሥሪያ ሆነ፤ መጻሕፍታቸው ተበተኑ። በዚያው ዘመን ጆን ሌላንድ የተባለ ሊቅ በየአውራጃው እየዞረ ያየውንና የሰማውን በማስታወሻው ይጽፍ ነበር። ነገር ግን አእምሮው ታውኮ ሥራውን ሳይፈጽም በ1552 ዓ.ም. ሞተ፤ ማስታወሻውም ለሕትመት የበቃው ከ150 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ከእርሱ በኋላ የተነሣው የትምህርት ቤት መምህር ዊልያም ካምደን፥ «ብሪታንያ» የተባለውን መጽሐፉን በላቲን ቋንቋ በ1586 ዓ.ም. አሳተመ። አገሩን በየአውራጃው ከፍሎ የእያንዳንዱን ጥንታዊ ነገር የሚተርክ መጽሐፍ ነው። በ1607 ዓ.ም. በታተመው ዕትም የየአውራጃው ካርታ ገባበት። በካርታ ግን የመንደሩ ሥፍራ ይታወቃል እንጂ የሕንጻው መልክ አይታይም።

የሕንጻው መልክ መታየት የጀመረው በዊልያም ዳግዴል ዘመን ነው። የዚህን ሰው ሥራ ጥቂት ዘርዘር አድርገን ብንናገር ይገባል፤ ምክንያቱም ያሠራው ፍርሃት ነበርና። በ1641 ዓ.ም. በንጉሡና በፓርላማው መካከል ጦርነት እንደሚነሣ ሁሉም ይጠባበቅ ነበር። ክሪስቶፈር ሃተን የተባለ ባለጠጋ መኰንን የአብያተ ክርስቲያናቱ መቃብሮችና ባለ ቀለም መስኮቶች በጦርነቱ እንዳይጠፉ ፈርቶ፥ ዳግዴልን ዊልያም ሴጅዊክ ከተባለ የዓርማ ሠዓሊ ጋር ላከው። ሁለቱም በዚያው በጋ በፈረስ ወደ ፒተርቦሮ፥ ወደ ኢሊ፥ ወደ ሊንከን፥ ወደ ዮርክ፥ ወደ ሊችፊልድና ወደ ሌሎችም ሥፍራዎች እየሄዱ፥ አንደኛው በመቃብር ላይ የተጻፈውን ቃል ይገለብጣል፤ ሁለተኛው ምስሉንና ዓርማውን ይሥላል። በሚቀጥለው ዓመት በነሐሴ ጦርነቱ ተነሣ። ወታደሮች በብዙ ካቴድራሎች ገብተው መስኮቱን ሰበሩ፤ የመቃብሩን ናስ ነቀሉ፤ ምስሉን አፈረሱ። ዳግዴልና ባልንጀራው የዘገዩት አንድ ዓመት ብቻ ቢሆን ኖሮ የሚገለበጥ ነገር ባላገኙም ነበር።

ዳግዴል ኋላ ከሮጀር ዶድስወርዝ ጋር የእንግሊዝን ገዳማት ታሪክ በሦስት ቅጽ አወጣ፤ የመጀመሪያው በ1655፥ ሁለተኛው በ1661፥ ሦስተኛው በ1673 ዓ.ም. ታተመ። ከማስረጃው የሚበዛውን የሰበሰበው ዶድስወርዝ ሲሆን፥ እርሱ አንደኛው ቅጽ ሳይወጣ ሞቷል። መጽሐፉ የገዳማቱን የርስት ደብዳቤና ሥዕላቸውን አንድ ላይ የያዘ ነው።

እዚህ ላይ ሥዕሉ እንዴት ይታተም እንደ ነበር መናገር ያስፈልጋል። የመዳብ ሰሌዳ ተወልውሎ በስስ ሰም ይቀባል። ሠዓሊው በመርፌ ሰሙን እየጫረ ይሥላል፤ መርፌው ባለፈበት ሁሉ መዳቡ ይገለጣል። ከዚያ በኋላ ሰሌዳው በሚበላ አሲድ ሲነከር፥ የተገለጠው መስመር ብቻ ይቦረቦራል፤ ሰም ያለበት አይነካም። ሰሙ ከተጠረገ በኋላ ቀለም ይቀባና ፊቱ ይታበሳል፤ በተቦረቦረው መስመር የቀረው ቀለም በማተሚያው ኀይል ወደ ወረቀቱ ይተላለፋል። ቀኙ ግራ፥ ግራው ቀኝ ሆኖ ስለሚወጣ ሠዓሊው በሰሌዳው ላይ ገልብጦ መሣል ነበረበት። ይህ ሁሉ ብዙ ወጪ ስለሚጠይቅ፥ አንዳንዱ ባለጠጋ ለአንዱ ሰሌዳ ይከፍልና ስሙና የቤተ ሰቡ ዓርማ በሥዕሉ ግርጌ ይቀረጽለት ነበር። በመጽሐፉ ዛሬ የምናየው ዓርማ ሁሉ የከፋይ ደረሰኝ ነው ማለት ይቻላል።

ለዳግዴል ከሣሉት ሠዓልያን የሚበልጠው በ1607 ዓ.ም. በፕራግ ከተማ የተወለደው ዌንስላስ ሆላር ነው። አገሩን በጦርነት ምክንያት ትቶ እንግሊዝ አገር የገባ ስደተኛ ነበር። ሥራው በሰዓት ይከፈል ስለ ነበረ የአሸዋ ሰዓት ከፊቱ አስቀምጦ ይሠራ እንደ ነበር፥ ሰው ሲያነጋግረውም ያልሠራበትን ጊዜ እንዳያስከፍል የአሸዋውን ሰዓት ያጋድመው እንደ ነበር ይነገርለታል። እንዲህ ያለው ሰው በ1677 ዓ.ም. ድኻ ሆኖ ሞተ።

ዳግዴል በ1658 ዓ.ም. የለንደንን የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ታሪክ ሲያሳትም ሥዕሉን የሠራው ይኸው ሆላር ነው። ካቴድራሉ በዚያ ጊዜ አርጅቶ ነበር፤ በጦርነቱም ጊዜ የፈረሰኞች ጋጣ ሆኖ ነበር። ሆላር በአንዱ ሰሌዳ ላይ፥ ይህ ቤተ ክርስቲያን ዛሬ ነገ ይወድቃል ተብሎ የሚጠበቅ በመሆኑ መታሰቢያውን በዚህ መልክ እንዳቈየ በላቲን ቀርጾበታል። መጽሐፉ በወጣ በስምንተኛው ዓመት፥ በመስከረም 1666 ዓ.ም.፥ ታላቁ የለንደን እሳት ካቴድራሉን በላው። የዛሬው የቅዱስ ጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን ከዚያ በኋላ አዲስ የተሠራ ነው። የጥንቱን የውስጡን ዓምድና ቅስት ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ዛሬም የሚሄደው ወደ ሆላር ሥዕል ነው።

ነገር ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። ከሆላር ሥዕሎች አንዱ በካቴድራሉ ማማ ላይ ረጅም ሹል ጫፍ ቆሞ ያሳያል። ይህ ጫፍ በ1561 ዓ.ም. በመብረቅ የጠፋ ነው፤ ሆላር ከመወለዱ 46 ዓመት በፊት ማለት ነው። እንግዲህ ያላየውን ከሌላ ሰው ተቀብሎ ሣለው። በአንድ መጽሐፍ ውስጥ በዐይን የታየውና በወሬ የተገኘው ጎን ለጎን ሲቀመጡ፥ ሁለቱም በአንድ መርፌና በአንድ ውበት ስለ ተሠሩ አንባቢው መለየት ይሳነዋል። በእኛ አስተያየት የዚህ ዐይነት መጻሕፍት ሁሉ ዋናው ፈተና ይህ ነው፤ ሥዕሉ ያማረ መሆኑ ሳይሆን ሠዓሊው በሥፍራው መቆሙና መለካቱ ነው የሚመረመረው።

ከዚህ በኋላ በሚከተለው መቶ ዓመት ሳሙኤልና ናትናኤል በክ የተባሉ ወንድማማቾች ከ1726 እስከ 1742 ዓ.ም. በየአውራጃው እየዞሩ የፈረሱ ገዳማትንና ግንቦችን ከ400 በላይ በሆኑ ሰሌዳዎች አሳተሙ። የሀገር ሥፍራ መሣል በእንግሊዝ አገር የታወቀ ሙያ ሆነ። ዳግዴል በ1641 ዓ.ም. ከጐበኛቸው ከተሞች መካከል ሊችፊልድን ጠቅሰን ነበር፤ የዚህች ከተማ ካቴድራል በጦርነቱ ሦስት ጊዜ ተከቦ የመካከለኛው ማማው ጫፍ ወድቋል። በዚህችው በሊችፊልድ በ1780 ዓ.ም. ሄንሪ ሳልት ተወለደ፤ የሥፍራ ሥዕልንም በለንደን በጊዜው ከታወቀው ሠዓሊ ከጆሴፍ ፋሪንግተን ተማረ። ይህን ሙያ ወደ አክሱም ያመጣው ይህ ሰው ነው።

ከሳልት አስቀድሞ ስለ ኢትዮጵያ የጻፉ የውጭ አገር ሰዎች አልነበሩም ማለታችን አይደለም። የፖርቱጋሉ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520 ዓ.ም. ገብቶ ስድስት ዓመት ያህል ተቀምጦ፥ መጽሐፉ በ1540 ዓ.ም. በሊዝበን ታትሟል። ስለ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከጻፈ በኋላ የሚያምነው ሰው እንዳያጣ ፈርቶ የጻፈው ሁሉ እውነት እንደ ሆነ በእግዚአብሔር ስም ምሏል። ሥዕል ቢኖረው ኖሮ መማል ባላስፈለገውም። ከእርሱ በኋላ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 ዓ.ም. አክሱምን አየ፤ ሥዕል ያለበትንም መጽሐፉን በአምስት ቅጽ በ1790 ዓ.ም. አወጣ። ከብሩስ ጋር ሉዊጂ ባሉጋኒ የተባለ የቦሎኛ ሠዓሊ ነበረ። ይህ ወጣት አብሮት እስከ ግሽ ዓባይ ተጕዞ በ1771 ዓ.ም. በጎንደር ሞተ። ብሩስ ግን ወደ ዓባይ ምንጭ ብቻውን የደረሰ ለመምሰል ሠዓሊው አስቀድሞ እንደ ሞተ አድርጎ ጻፈ፤ በሥዕሎቹም የባሉጋኒን ድርሻ ሸሸገ። ደመወዝ ከልክሎ ከሠራተኛ ጋር መጣላት አንድ ነገር ነው፤ የሞተ ሰው የእጁን ሥራ መውሰድ ግን ሌላ ነው።

ሳልት በ1805 ዓ.ም. የሎርድ ቫለንሺያ ጸሓፊና ሠዓሊ ሆኖ ወደ ትግራይ ወጣ፤ ራስ ወልደ ሥላሴም ተቀበሉት። አክሱም ደርሶ የቆመውን ሐውልት ሣለ። ሥዕሉ በ1809 ዓ.ም. በትልቅ ወረቀት፥ እንደ ውኃ ቀለም የሚመስል ጥላ በሚሰጥ የመዳብ አሠራር ታትሞ ወጣ። ሐውልቱ ከአጠገቡ ካለው ታላቅ ዛፍ ጋር ይታያል፤ የሐሰት በሩ፥ የመስኮቱ ረድፍ፥ የፎቁ እርከን በግልጽ ይነበባል። ሳልት የብሩስን ጽሑፍና ሥዕል በብዙ ቦታ ነቅፏል፤ ነቀፋው አንዳንድ ጊዜ ከልክ ያልፋል፥ ሐውልቱን በተመለከተ ግን የተሻለው የሳልት እጅ ነው።

ከሥዕሉ ይልቅ ለቤተ ክርስቲያን ታሪክ የጠቀመው በዚያው ጕዞ የገለበጠው የግሪክ ጽሑፍ ነው። በድንጋዩ ላይ የንጉሡ የዒዛናና የወንድሙ የሳይዛና ስም ተቀርጾ ተገኘ። አንባቢዎቻችን እንደሚያውቁት የሮሙ ንጉሥ ቈስጠንጢዮስ ስለ አባ ፍሬምናጦስ ለእነዚህ ለሁለቱ ወንድማማቾች የላከውን ደብዳቤ ቅዱስ አትናቴዎስ በመጽሐፉ አቆይቶልናል። ከ1400 ዓመት በላይ በመጽሐፍ ብቻ ይታወቅ የነበረው ስም በአክሱም ድንጋይ ላይ ተነበበ። አንድ ሠዓሊ የማያውቀውን ፊደል እንኳ እንዳለ በጥንቃቄ መገልበጡ ምን ያህል እንደሚጠቅም ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ከመቶ ዓመት በኋላ የመጡት ጀርመኖች ናቸው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን፥ በ1906 ዓ.ም. መጀመሪያ፥ የጀርመን ንጉሠ ነገሥት ወጪውን ችሎ የላካቸው አራት ሰዎች አክሱም ገቡ፤ የቋንቋ ሊቁ ኤኖ ሊትማን መሪ፥ ዳንኤል ክሬንከርና ቴዎዶር ፎን ሉፕከ የሕንጻ መሐንዲሶች፥ ኤሪክ ካሽከ ሐኪም ነበሩ። የአገሩ ገዥ ደጃዝማች ገብረ ሥላሴም ረዷቸው። የተቀመጡት ጥቂት ወራት ብቻ ሲሆን ያወጡት መጽሐፍ ግን በ1913 ዓ.ም. በበርሊን በአራት ትልልቅ ቅጽ ታተመ። በዚህ መጽሐፍ የቀድሞው ዐይነት ሥዕል ተለውጧል። ደመናና ዛፍ፥ በግ የሚጠብቅ እረኛ የለበትም፤ በምትኩ በሜትር የተለካ ፕላን፥ የግድግዳ ቍራጭ፥ ፎቶግራፍ አለ። 33 ሜትር ገደማ የሚሆነው የወደቀው ታላቅ ሐውልት እንኳ ስብርባሪው አንድ በአንድ ተለክቶ ተሥሏል። ለዐይን ብንፈርድ የሳልት ይበልጣል፤ ለእውነት ብንፈርድ ግን የክሬንከር ደረቅ መስመር የሚተካው የለም።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆነን ታዕካ ማርያም ነው። ታዕካ በግእዝ የንጉሥ አዳራሽ፥ ቤተ መንግሥት ማለት ስለ ሆነ ሕዝቡ ሥፍራውን በስሙ ጠብቆት ኖሯል። ጀርመኖቹ ቈፍረው ርዝመቱ 120፥ ወርዱ 80 ሜትር ገደማ የሚሆን የታላቅ ሕንጻ መሠረት አገኙ፤ ለኩት፥ ሣሉት። በኢጣልያ ወረራ ዘመን በዚሁ መሠረት ላይ የመኪና መንገድ ተቀደደበትና ጠፋ። የዚያን ቤተ መንግሥት ክፍሎችና ደረጃዎች ዛሬ የሚያስተምር ሁሉ የ1906ቱን ፕላን ይዞ ነው። ለንደን በእሳት፥ አክሱም በመንገድ፥ ነገሩ አንድ ነው። በአሥመራ የነበረችው ጥንታዊት የማርያም ቤተ ክርስቲያንም፥ በእንጨትና በድንጋይ ረድፍ የተሠራችው፥ ኋላ ፈርሳ በሌላ ስትተካ መልኳ በዚሁ መጽሐፍ ቀረ። እነዚሁ ጀርመኖች ተሰባብሮ በመሬት ተጋድሞ ያገኙት 24 ሜትር የሚያህለው ሁለተኛው ሐውልት ደግሞ በ1937 ዓ.ም. ወደ ሮማ ተወስዶ ቆመ፤ በ2005 ዓ.ም. ተመልሶ በ2008 ዓ.ም. በቀድሞ ሥፍራው ተተክሏል።

በነዚህ ሁሉ መጻሕፍት የማናገኘው አንድ ነገር አለ። በሩን የከፈተው መሪጌታ፥ የሥፍራውን ስም የነገረው ሽማግሌ፥ ገመድ የያዘው ዲያቆን ማን እንደ ነበረ ብዙውን ጊዜ አልተጻፈም። ታዕካ የሚለው ስም ባይጠበቅ ኖሮ መቈፈሪያው ወዴት ይሄድ ነበር? የባሉጋኒ ስም ቢሸሸግ እንኳ በመጨረሻ ተገልጧል፤ የእኛ ሰዎች ስም ግን የሚገለጥበት ወረቀት አልተተወለትም።

ይህን የምንጽፈው ስላለፈው ለመውቀስ ብቻ አይደለም። በየገጠሩ ያሉ ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት ጣራቸው ሲያፈስ፥ ግድግዳቸው ሲሰነጠቅ፥ ምእመናን በቅን ልቡና ገንዘብ አዋጥተው በሲሚንቶና በቈርቈሮ አዲስ ይሠራሉ። ማደሱ የሚነቀፍ አይደለም፤ ዝናም የሚገባበት ቤተ መቅደስ ይቆይ የሚል የለም። ነገር ግን አሮጌው በሚፈርስበት ሳምንት የመቅደሱን ወርድ፥ የዓምዱን ቍጥር፥ የበሩን መቃን ቅርጽ፥ በግድግዳው የነበሩትን ቅዱሳት ሥዕላት በየተራቸው የሚጽፍ ሰው በስንቱ ደብር ተገኝቷል? ዛሬ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ስልክ በብዙ ወጣት እጅ አለ፤ የሚነሣው ግን የአዲሱ ምረቃ ነው።

መሣል የሚችል ባለሙያ የለንም የሚል ቢኖር ለዚህ መልሱ ከራሳችን መጻሕፍት ይገኛል። መጽሐፈ አክሱም የተባለው የግእዝ ድርሰት ግራኝ በ1535 ዓ.ም. ያቃጠላትን የጥንቷን የጽዮንን ቤተ ክርስቲያን ይገልጻል። ጸሓፊው ሥዕል አልሣለም። ርዝመቷንና ወርዷን፥ ከፍታዋንና የግድግዳዋን ውፍረት በክንድ ለካ፤ ዓምዱን፥ በሩንና መስኮቱን ቈጠረ። ሕዝቅኤል ነቢይ ከተማይቱ በተመታች በዐሥራ አራተኛው ዓመት፥ ሕዝቡ በምርኮ ሳለ፥ የመለኪያ ዘንግ የያዘ ሰው መድረኩንና መቃኑን አንድ በአንድ ሲለካ እንዳየ የምናነብበው ትዝ ይለናል። የአክሱሙ ጸሓፊ ከግድግዳው ወደ ውጭ ብቅ ያሉትን የእንጨት አግዳሚዎች ክብ ጫፎች እንኳ ሳይቀር ቈጥሮ፥ ከ3000 በላይ እንደ ነበሩ መዝግቦ፥ ስማቸውን ርእሰ ህበይ፥ ማለት የዝንጀሮ ራስ፥ ብሎ ጽፏል። እነዚህ ጫፎች በድንጋይ ተቀርጸው በአክሱም ሐውልት ላይ፥ በእንጨታቸው ደግሞ በደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ይታያሉ።

የሥነ ሕንጻ ሊቃውንት የጥንቷን ጽዮን መልክ በወረቀት ለመሥራት ሲነሡ በእጃቸው ያለው የመሠረቷ ደረጃ፥ አልቫሬዝ ከመቃጠሏ በፊት ገብቶ አምስት ረድፍ እንዳላት የጻፈው ቃልና ይህ ስሙን ያልነገረን ጸሓፊ በክንድ የለካው ቍጥር ነው። በበርሊንም ሆነ በለንደን የሚታተሙ መጻሕፍት ዛሬ ያንን የአግዳሚ ጫፍ በየቋንቋቸው የዝንጀሮ ራስ እያሉ ይጠሩታል።